ደብረ ብርሃን፣ ለምጽና የሚቆረቁር ዓይን፦ ስለ ብርሃን ሕክምና ተረቱና እውነታው

ደብረ ብርሃን ስሟን ያገኘችው ከብርሃን ነው። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በሰማይ ላይ የታየውን ብርሃን ንጉሡ የአምላክ ምልክት አድርገው ቆጥረው በስፍራው ቤተ ክርስቲያን እንዳሠሩ ይነገራል፤ አንዳንድ የታሪክ ጸሐፍት ብርሃኑን እ.ኤ.አ. በ1456 ከታየችው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ጋር ያያይዙታል። በዚያች ከተማም ሆነ በአንኮበር ተራሮች ስለ ጤና ሲወራ ፀሐይ ሳይነሣ አይቀርም። ብርድ የመታው ፀሐይ ይሞቃል፤ ሕፃን ቅቤ ተቀብቶ ፀሐይ ይወጣል፤ በልቶ ወዲያው ፀሐይ ላይ የወጣ ሰው ግን «ምች መታው» ይባላል። አሁን ደግሞ በስልክ በሚታዩ ቪዲዮዎች ሌላ ወሬ ደርሷል፦ ለምጽን የሚያጠፋ ጨረር፣ የደረቀ ዓይንን የሚያርስ የብርሃን ብልጭታ። ከወሬው ውስጥ እውነት አለ። የሚጎድለው ሦስት ነገር ነው፤ የትኛው ብርሃን፣ ምን ያህል፣ በማን ቆዳ ላይ የሚሉት ጥያቄዎች። እነዚህ ሳይጠየቁ ብርሃንን መድኃኒት ማለት፣ ስሙና መጠኑ ያልታወቀ ክኒን እንደ መዋጥ ነው።

ከምች እንጀምር፤ ምክንያቱም ምች ባዶ ተረት አይደለም። ከንፈር ላይ ውኃ ቋጥሮ የሚፈነዳውና ዳማከሴ የሚታሽለት ቁስል የሄርፐስ ቫይረስ ሥራ ነው። ቫይረሱ ብዙ ጊዜ በልጅነት ይገባና በነርቭ ውስጥ ተኝቶ ይኖራል፤ ከሚቀሰቅሱት ነገሮች አንዱም የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ነው። ጨረሩ የቆዳን የመከላከል አቅም ለጊዜው ያዳክማል፣ ቫይረሱም ያንጊዜ ብቅ ይላል። እናቶቻችን ፀሐይንና የከንፈርን ቁስል ማገናኘታቸው ትክክለኛ ትዝብት ነበር፤ የተሳሳቱት ጥፋቱን በበሉት ምግብ ላይ ሲያደርጉ ነው። ይህ ነጥብ ለቀሪው ሁሉ ቁልፍ ነው። ከንፈርን የሚያቆስለው ያው የማዳከም ኃይል፣ በልክ ሲሰጥ፣ ለምጽን ያክማል።

«አገራችን ብርድ ነው፣ ፀሐዩ አይጎዳም» የሚለው እምነት ግን እውነት የለበትም። ቆዳችን የሚሰማው ሙቀቱን ነው፤ አልትራቫዮሌት አይታይም፣ አይሞቅም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር በላይ ትገኛለች፤ ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ጨረሩ በ10 በመቶ ገደማ ይበረታል። ፀሐይም በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ገደማ በከተማዋ አናት ላይ ቀጥ ብላ ታልፋለች። ነፋሱ ፊትን እያቀዘቀዘ ሙቀቱን ስለሚሸሽግ፣ ጋቢ የለበሰው ገበሬ በእኩለ ቀን ምን ያህል ጨረር እንደወረደበት አያውቀውም። ጥቁር ቆዳ በውስጡ ባለው ሜላኒን በሚገባ ይከላከላል፤ ለምጽ የወጣበት ቦታ ግን ያ ቀለም የለውምና ምንም ጋሻ የለውም። ዓይን ደግሞ የማንም ይሁን የማን፣ በዕድሜ ልክ ፀሐይ ለሞራና በዓይን ነጭ ላይ ለሚያድገው ሥጋ ይጋለጣል።

ወደ ለምጽ ስንመጣ ከሕክምናው በፊት ስሙ ራሱ መታረም አለበት። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ፣ በዘሌዋውያን 13፣ ለምጽ የሚለው ቃል ከሰፈር ለሚያስወጣው ደዌ ገብቷል፤ በዚህ የተነሣ ዛሬ ለምጽ የምንለውና ሥጋ ደዌ በሰው አእምሮ ተደባልቀዋል። ስንት ሰው ከማዕድ የተገለለው፣ ስንት ትዳር የቀረው በዚህ መደባለቅ ነው። ለምጽ አይተላለፍም፤ የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ የራሱን ቀለም ሠሪ ሕዋሳት ሲያጠቃ የሚመጣ ነው። ነጩ ቦታ እንደ ኖራ ነጭ ነው፤ ስሜቱ ግን ሙሉ ነው። ሥጋ ደዌ በባክቴሪያ የሚመጣ ሲሆን ምልክቱ ፈዘዝ ወይም ቀላ ይላል፣ ብዙ ጊዜም ይደነዝዛል፤ ታማሚው ዓይኑን ጨፍኖ ቦታውን በጥጥ ሲነኩት አይሰማውም። ለእሱ የሚሰጠው በነጻ የሚታደል ክኒን ነው፤ 6 ወይም 12 ወር ይወሰዳል። ቋቁቻ ደግሞ ፈንገስ ነው፣ በፀረ ፈንገስ ይድናል። ሥጋ ደዌን በብርሃን እታከማለሁ ብሎ የሚዘገይ ሰው ነርቩን ያጣል፤ ስለዚህ ከማንኛውም ጨረር በፊት የሚቀድመው የቆዳ ሐኪም ዓይን ነው። ለሥጋ ደዌ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1965 በአዲስ አበባ የተቋቋመው አለርትም ሆነ ወሎ ውስጥ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የሥጋ ደዌም የሌላ ቆዳ በሽታም ሕክምና የሚሰጥባቸው መሆናቸው ለዚህ ልየታ ትልቅ ጥቅም አለው።

ለምጽ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ብርሃን በእርግጥ መድኃኒት ነው፤ ታሪኩም ረጅም ነው። ዴንማርካዊው ሐኪም ኒልስ ፊንሰን የቆዳ ሳንባ ነቀርሳን በተመረጠ ብርሃን በማከሙ እ.ኤ.አ. በ1903 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶታል። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ግብጻዊው ሐኪም አብደል ሞኔም ኤል ሞፍቲ፣ በዓባይ ሸለቆ ከሚበቅል ተክል የወጣን ንጥረ ነገር ከፀሐይ ጋር አጣምሮ ለለምጽ ሕክምና አዋለ። እ.ኤ.አ. በ1997 ደግሞ የኔዘርላንድ ሐኪሞች ጠባብ ዩቪቢ የሚባለው የአልትራቫዮሌት ጨረር ለለምጽ እንደሚሠራ አሳዩ፤ የሞገዱ ርዝመት 311 ናኖሜትር ገደማ ነው። ይህ ጨረር ጥቃቱን ያበርዳል፣ በፀጉር ሥር የተረፉትን ቀለም ሠሪ ሕዋሳትም ይቀሰቅሳል። ለዚህም ነው ቀለሙ ሲመለስ በፀጉር ዙሪያ እንደ ነጠብጣብ የሚጀምረው። ፊት ቶሎ ይመለሳል፤ የጣት ጫፍና ፀጉሩ የሸበተ ቦታ ግን እምብዛም አይመለስም። ሕክምናው በሳምንት 2 ወይም 3 ቀን እየተሰጠ ለብዙ ወራት ይቀጥላል፣ መጠኑም በጥቂት በጥቂቱ ይጨምራል፤ በጥቂት ሳምንት «አልሠራልኝም» ብሎ ማቆም ሕክምናውን ሳይጀምሩት እንደ መተው ነው።

እዚህ ላይ ጠንካራ መቃወሚያ ይነሣል። ያው ጨረር ከፀሐይ ውስጥ ካለ፣ ፀሐይ ደግሞ በነጻ ከወጣች፣ ጨረሩን የሚሰጥ መሣሪያ ፍለጋ አዲስ አበባ ድረስ መንከራተት ለምን? መቃወሚያው ከድህነትና ከርቀት የመጣ ነውና በንቀት ሊመለስ አይገባም። በሕንድ ለምሳሌ መሣሪያ በሌለበት ሐኪሞች መድኃኒት ሰጥተው ታማሚውን በደቂቃ በተወሰነ ፀሐይ ያክማሉ። ልዩነቱ ያለው «በደቂቃ በተወሰነ» በሚለው ላይ ነው። የፀሐይ ጨረር ከጠዋት እስከ ቀትር፣ ከደመና እስከ ጥራት በብዙ እጥፍ ይለዋወጣል፤ ነጩ ቦታ ቶሎ ይቃጠላል፣ በዙሪያው ያለው ቆዳ ደግሞ ይጠቁርና ልዩነቱ የባሰ ጎልቶ ይታያል። ከዚህም የሚከፋው፣ ለምጽ ባለበት ሰው ቆዳ ሲቃጠል ወይም ሲቆስል በዚያው ቦታ አዲስ ለምጽ ሊወጣ መቻሉ ነው። የተክል ጭማቂ ቀብቶ ፀሐይ ላይ መቀመጥ ደግሞ አደጋውን ያጎላዋል፤ አንዳንድ ጭማቂ ቆዳን ለብርሃን አጋልጦ ያቆስላል። ካንሰር ያመጣል የሚለው ፍርሃትም መልስ ይገባዋል። መድኃኒት ዩቪኤ ከሚባለው ሌላ የአልትራቫዮሌት ጨረር ጋር የተጣመረበት የቆየ ሕክምና ለረጅም ጊዜ በወሰዱ ነጭ ታማሚዎች ላይ የቆዳ ካንሰርን ጨምሯል፤ በጠባብ ዩቪቢ ላይ እስካሁን የተደረጉ ጥናቶች ግን ግልጽ ጭማሪ አላሳዩም። እንዲህም ሆኖ ዓይን በመነጽር ይሸፈናል፣ የወሰዱት መጠንም ይመዘገባል።

የዓይኑ ነገር ግን ሌላ ብርሃን ነው፣ እኔንም ይበልጥ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ዓይን ሲደርቅ አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁራል፣ ያቃጥላል፣ ብዙ ጊዜም ያነባል። «እያነባ እንዴት ደረቀ?» ለሚል መልሱ፣ እንባ ውኃ ብቻ አለመሆኑ ነው፤ ከላዩ በዓይን ቆብ ጠርዝ ካሉ እጢዎች የሚወጣ ቀጭን ቅባት ይሸፍነዋል፣ እጢዎቹ ሲደፈኑ ውኃው ይተናል፣ ዓይኑም ተቆጥቶ ይፈሳል። አሜሪካዊው የዓይን ሐኪም ሮላንዶ ቶዮስ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ፣ ለፊት መቅላት ብልጭ የሚል ኃይለኛ ብርሃን የተሰጣቸው ታማሚዎች ዓይናቸውም እንደተሻላቸው አስተዋለ፤ ከዚያም አይፒኤል የሚባለው ሕክምና ለዓይን ድርቀት ተስፋፋ። ይህ ብርሃን አልትራቫዮሌት አይደለም። የሚሠራው በቀላው የደም ሥር ተውጦ ወደ ሙቀት በመለወጥ ነው። ነገር ግን ሜላኒንም ያንኑ ብርሃን ይውጠዋል። በጥቁር ቆዳ ላይ ሙቀቱ ለደም ሥሩ ከመድረሱ በፊት ቆዳው ላይ ይቀራል፤ ውጤቱም ቃጠሎ፣ ጥቁር ጠባሳ፣ አንዳንዴም ነጭ ጠባሳ ነው።

«በአሜሪካ ተፈቅዷል» የሚለው መከራከሪያ እዚህ ላይ ይወድቃል። የአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2021 መሣሪያውን ለዓይን ድርቀት ሲፈቅድ፣ ፈቃዱን የፊትዝፓትሪክ የቆዳ ዓይነት መለኪያ ከ1 እስከ 4 ለሚላቸው ቆዳዎች ብቻ ወስኖ ነው። ቡናማና ጥቁር ቆዳ 5 እና 6 ነው፤ የብዙዎቻችን ቆዳ ማለት ነው። መለኪያው ራሱ እ.ኤ.አ. በ1975 ሲወጣ ለብርሃን ሕክምና መጠን መወሰኛ ነበር፣ ከ1 እስከ 4 ብቻ፣ ለነጭ ቆዳ፤ 5 እና 6 በኋላ የተጨመሩ ናቸው። ፈቃዱ እውነት ነው፤ የተሰጠው ግን ለእኛ ፊት አይደለም።

በዚያ ላይ በአማራ ክልል ዓይንን የሚያደርቁ ብዙ ምክንያቶች ከብልጭታው ጋር አይገናኙም። ክልሉ በዓለም ትራኮማ እጅግ ከበዛባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው፤ ተደጋግሞ የሚይዝ ትራኮማ የዓይን ቆብን ውስጠኛ ክፍል አጠንክሮ እጢዎቹን ያጠፋል፣ ሽፋሽፍቱንም ወደ ውስጥ ይቀለብሳል። መፍትሔው ፊት መታጠብ፣ አዚትሮማይሲን የተባለው መድኃኒትና የተቀለበሰውን የሚያስተካክል ቀዶ ጥገና ነው። ልጅ ሲመሽ ማየት ካቃተው፣ ማለትም ዳፍንት ከያዘው፣ የዓይኑ ድርቀት የቫይታሚን ኤ እጦት ነው፤ በጤና ጣቢያ በሚሰጥ ቫይታሚንና በጎመን፣ በካሮት፣ በእንቁላል ይታከማል። የኩበት ጭስና የደጋው ደረቅ ነፋስም የየቀን ቁጣ ናቸው፤ ጭስ መውጫ የሌለው ማድቤት እያለ ለዓይን ብልጭታ መክፈል ገንዘብን ማባከን ነው። እጢው ተደፍኖ የደረቀ ዓይን ላለው ደግሞ ሐኪሞች በመጀመሪያ የሚያዙት ከቤት የማይጠፋ ነገር ነው፦ በሞቀ ውኃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ፣ በተጨፈነ ዓይን ላይ ለ10 ደቂቃ ያህል፣ ከዚያ የቆቡን ጠርዝ ቀስ ብሎ ማሸት፣ በየቀኑ። ይህም ሙቀት ነው፤ ግን ቅባቱን ሲያቀልጥ ቆዳን አያቃጥልም፣ ቀለምም አይመርጥም።