ዜናሽን ማን ያርማል?

በ2001 ዓ.ም. ሐምሌ፣ ከተመረቅኩ ሳምንት ሳይሞላኝ፣ የአራት ኪሎ ጋዜጣ አከራዮች ደንበኛ ሆንኩ። ያኔ ጋዜጣ የሚገዛበት የሌለው ሥራ ፈላጊ በሳንቲም ይከራይና የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ፣ አንብቦ ይመልሳል። ዝናቡ ሲመጣ አከራዩ ላስቲኩን ይወጥራል፤ እኛም ከሥሩ እንጠጋጋለን። ረቡዕና እሑድ «ሪፖርተር» ጋዜጣ ሲወጣ መቀመጫ አይገኝም። የፊት ገጹን የሚያነበው ግን ጥቂቱ ነው። አብዛኛው ወዲያው የሚገልጠው «ክፍት የሥራ ቦታ» የሚለውን ገጽ ነበር። እኔም እንደዚያው።

ከደሴ መጥቼ የተጠጋሁት ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ አክስቴ ቤት ነው። የፎቶ ኮፒ ብር የምትሰጠኝ እሷ ነበረች። «ዛሬስ ወጣ?» ትለኛለች ማታ ማታ። ማስታወቂያውማ ይወጣል። «ሪፖርተር፣ ብዛት 2፣ የሥራ ልምድ 3 ዓመት» ይላል። ገና ለተመረቀ ሰው ሦስት ዓመት ከየት ይመጣል? «ዜሮ ዓመት» የሚል ማስታወቂያ ያየሁ ቀን ማስረጃዬን ኦሪጅናልና ኮፒ ይዤ በእግሬ ሄድኩ፤ የታክሲ ብር ስላልነበረኝ አይደለም፣ ታክሲ እስኪመጣ መቆም ስላልቻልኩ ነው።

ፈተናው ሦስት ክፍል ነበረው። አንድ ገጽ የእንግሊዝኛ መግለጫ ወደ አማርኛ መመለስ፣ ተዘበራርቀው የተሰጡ አሥራ ሁለት መረጃዎችን ዜና አድርጎ ማቀናበር፣ ከዚያ ጠቅላላ ዕውቀት። ዛሬም ብዙ ዝግጅት ክፍሎች የሚፈትኑት በዚሁ መልክ ነው፤ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ከሆነ የድምፅና የካሜራ ፈተና ይጨመርበታል። ሥራ ለሚፈልጉ ወጣቶች ይህን አስቀድሜ የምነግራቸው ብዙዎቹ የሚወድቁት በትርጉሙ ስለሆነ ነው። እንግሊዝኛውን ያውቁታል፤ አማርኛቸው ግን የእንግሊዝኛውን አካሄድ ይዞ ይወጣል። በቀን አንድ መግለጫ በአማርኛ እየጻፈ ሁለት ወር የተለማመደ ሰው ፈተናውን አይፈራም።

አለፍኩ። ደመወዜ 1,200 ብር፣ የመጀመሪያ ዜናዬም የሰፈሬ የውሃ መቋረጥ ነበር። አዘጋጃችን ሃምሳዎቹን የተሻገሩ ሰው ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው። ሁለት ገጽ ጽፌ ሰጠኋቸው። በቀይ እስክሪብቶ ተዥጎርጉሮ ተመለሰ። «ስንት ቀን ሆነው?» «ማን አለ?» «ውሃና ፍሳሽ ምን መለሰ?» ሄጄ ጠይቄ መጣሁ። እንደገና ተመለሰ። በሦስተኛው አለፈና ስምንት መስመር ሆኖ ወጣ። አክስቴ ቆርጣ ከቡፌው መስታወት ሥር አስገባችው። እኔ ዘንድ የቀረው ግን ቀዩ ወረቀት ነው፤ እስካሁን አለኝ። ዩኒቨርሲቲ «ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ለምን» እየተባለ የተማርኩት ነገር ሥራ መሆኑን ያየሁት በዚያ ወረቀት ላይ ነው።

ጋዜጣው ሁለት ዓመት ተኩል አልቆየም። የማተሚያ ዋጋ ጨመረ፣ ማስታወቂያ ቀነሰ፣ የመጨረሻ ሁለት ወር ደመወዛችን እዚያው ቀረ። ይህ የኔ ብቻ ታሪክ አይደለም። በ1985 የወጣው የፕሬስ አዋጅ ቅድመ ምርመራን አስቀርቶ የግል ጋዜጦች በብዛት ከወጡ ወዲህ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ ያገኘ ጋዜጠኛ ሁሉ መሥሪያ ቤቱ ሲዘጋ የማየት ዕድል አለው። በ1998 ብዙዎቹ ጠፉ፤ በ2006 መጨረሻ አምስት መጽሔቶችና አንድ ጋዜጣ ክስ ተመሥርቶባቸው ከገበያ ወጡ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ የወረቀቱ ዋጋ ብቻውን በቂ ሆነ። እንዲያም ሆኖ የዚህ ሙያ ሥራ በአገሪቱ በብዛት የሚገኘው እዚሁ ከተማ ነው። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ሥራ ጀመረ፤ «አዲስ ዘመን» በ1933 ወጣ፤ ቴሌቪዥኑ በ1957 ተከተለ። ሁሉም እዚህ ተተክለው፣ የሠለጠነውም ሰው እነሱን ተከትሎ ተሰበሰበ።

በመንግሥት በኩል የኢትዮጵያ ፕሬስ ድርጅት፣ ኢቢሲ፣ ኢዜአና የከተማው አዲስ ሚዲያ ኔትወርክ አሉ። የሚቀጥሩት በማስታወቂያ ነው። ማስታወቂያው ላይ «ጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን፣ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ወይም ተመሳሳይ» የሚለውን መስመር ሳያነቡ የሚያልፉ ልጆች አጋጥመውኛል፤ የአማርኛ ምሩቅ ይህ በር ለእሱም እንደተከፈተ አያውቅም። ሌላው ሳይታይ የሚታለፍ ነገር ቋንቋ ነው። ፕሬስ ድርጅት ከአማርኛው ሌላ በእንግሊዝኛ «ሄራልድ»ን፣ በኦሮምኛ «በሪሳ»ን፣ በዓረብኛ «አል ዓለም»ን ያሳትማል። ኢቢሲም በሶማሊኛ፣ በአፋርኛ፣ በትግርኛ ያሰራጫል። ለአማርኛ ሪፖርተርነት መቶ ሰው ሲሰለፍ፣ አፋርኛ አጥርቶ የሚጽፍና ዜና የሚያቀናብር ሰው በስንት ልመና ይገኛል። ከቤት ይዛችሁት የመጣችሁትን ቋንቋ ማስረጃችሁ ላይ ከላይ ጻፉት እላለሁ።

ስለ ሬዲዮ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልናገር፤ ምክንያቱም ከውጭ ለሚያይ ሰው አሠራሩ አይታወቅም። ኤፍኤም 97.1 በ1992፣ ሸገር 102.1 በ2000 ከጀመሩ በኋላ ከተማው ውስጥ ኤፍኤም በዛ። የምትሰሟቸው ፕሮግራሞች ሁሉ ግን በጣቢያው ተቀጣሪዎች የሚዘጋጁ አይደሉም። ብዙዎቹ የ«ተባባሪ አዘጋጆች» ናቸው። ተባባሪ አዘጋጅ ማለት ከጣቢያው ጋር ውል ገብቶ የአየር ሰዓት የሚወስድ፣ ስፖንሰር ራሱ የሚያፈላልግ፣ ከማስታወቂያው ገቢ ለጣቢያው የሚከፍል፣ የተረፈውን ለራሱና ለባልደረቦቹ የሚያካፍል ሰው ነው። ጋዜጣችን ሲዘጋ እኔና ሁለት ባልደረቦቼ በዚህ መንገድ ገባን። በሳምንት አንድ ሰዓት፣ ስለ ከተማ ኑሮ። ጠዋት ሳሙና ፋብሪካ ሄደን የስፖንሰር ደብዳቤ እንሰጣለን፣ ከሰዓት ቀበሌ ሄደን ነዋሪ እናነጋግራለን፣ ሌሊት እናቀናብራለን። በሦስት ዓመት ውስጥ መቅዳት፣ መቁረጥ፣ ስክሪፕት መጻፍ፣ በጀት መያዝ ተማርኩ። ይህን ሁሉ በአንድ ቦታ የሚያስተምር ኮርስ አላውቅም።

ችግሩም ከዚያው ውስጥ ነው። ደመወዛችሁን የሚከፍለው ስፖንሰር ስለ ራሱ እንዳትዘግቡ ያደርጋችኋል። ማንም አልከለከለንም፤ ግን አንድ ጊዜ ስፖንሰራችን ባለበት ሰፈር ስለሚፈስ ቆሻሻ ነዋሪዎች ደውለው ነግረውን ዝም አልን። ያ ዝምታ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ወደ ተባባሪ አዘጋጅነት የሚገባ ልጅ ካለ፣ ውሉን ሲፈርም ዝግጅቱ ላይ ስፖንሰር እንደማይገባ በጽሑፍ ያስገባ። እኛ አላስገባንም ነበር።

አዲስ አበባ የአፍሪካ መዲና መባሏ ለኛ ለጋዜጠኞች የእንጀራ ጉዳይ ነው። የአፍሪካ ኅብረት ዋና መሥሪያ ቤት አሮጌው ከርቸሌ በነበረበት ቦታ በ2004 ጥር ተመረቀ፤ የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽንም እዚሁ ነው። የካቲት ላይ የመሪዎች ጉባኤ ሲደርስ ከተማው በውጭ ጋዜጠኛ ይሞላል፤ የአገሩን ቋንቋ፣ መንገዱንና ሰዉን የሚያውቅ ረዳት ይፈልጋሉ። ፊክሰር ይባላል። ቀጠሮ ማስያዝ፣ ማስተርጎም፣ ባለታሪክ ማፈላለግ ነው ሥራው። የአንድ ሳምንቱ ክፍያ ከአንድ ወር ደመወዜ በልጦ አይቻለሁ። ለጉባኤው መግቢያ ባጅ የሚመዘገበው አስቀድሞ ነው፤ ጉባኤው ሊከፈት ሦስት ቀን ሲቀረው በር ላይ የሚቆም ሰው አይገባም። ለውጭ መገናኛ ብዙኃን በቋሚነት ለመሥራት ደግሞ ከመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል። በተጨማሪ ፈረንሳይኛ የሚችል ካለ፣ በኅብረቱ አካባቢ ሥራ አይጠፋውም።

ከዚያ ወዲያ ያለው ሥራ ብዙ ነው። መረጃ ማጣራት ራሱን የቻለ ሥራ ሆኗል፤ «ኢትዮጵያ ቼክ» እና «ሀቅቼክ» የሚሠሩት ይህንኑ ነው። ባንኮች፣ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶችና ግብረ ሰናይ ድርጅቶች ለሕዝብ ግንኙነት ሥራ ጋዜጠኞችን ይወስዳሉ፤ በኔ ክፍል ከተመረቅነው አብዛኞቹ ያሉት እዚያ ነው። ማስታወቂያውም ከአራት ኪሎ ጠርዝ ወደ ቴሌግራም ገብቷል። «የምዝገባ» እያለ ቀድሞ ገንዘብ የሚጠይቅ ማስታወቂያ ካያችሁ ግን ሥራ አይደለም፤ እለፉት።

ከሥራው ወደ ስልጠናው ልምጣ። በእኔ ዕድሜ ያለ ጋዜጠኛ መሳቢያ ውስጥ ሰርተፊኬት ሞልቷል። የእኔን አንድ ቀን ቆጠርኳቸው፤ ሃያ ሦስት ናቸው። ሃያዎቹ ምን እንዳስተማሩኝ ብትጠይቁኝ ርዕሱን ከወረቀቱ ላይ ካላነበብኩ አልነግራችሁም። ጠዋት መክፈቻ ንግግር፣ የሻይ ዕረፍት፣ በስላይድ የሚነበብ ትምህርት፣ ምሳ፣ የቡድን ውይይት፣ ፎቶ፣ አበል። ደመወዙ ለማይበቃው ሪፖርተር አበሉ የቤት ኪራይ መደጎሚያ ስለሆነ መሄዱን አልወቅስም። የምወቅሰው፣ አዘጋጆቹ ያንን ሁሉ ወጪ አውጥተው አንድም ሰው አንዲት አንቀጽ ሳይጽፍ መበተኑን ነው።

ከቀሩት ሦስቱ አንዱ አዳማ ላይ የወሰድኩት የአምስት ቀን ስልጠና ነው። አሠልጣኙ ስላይድ አልነበረውም። የፌዴራል ዋና ኦዲተር ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያቀረበውን ሪፖርት አባዝቶ አደለንና «ከዚህ ውስጥ ዜና አውጡ» አለን። ያልተወራረደ ሒሳብ፣ ደጋፊ ማስረጃ የሌለው ወጪ፣ በጊዜው ያልተሰበሰበ ገቢ የሚሉትን አገላለጾች ከቁጥራቸው ጋር ማንበብ ተማርን። በሦስተኛው ቀን እያንዳንዳችን ረቂቅ ይዘን ቀረብን። አሠልጣኙ ማታ ማታ አርሞ ጠዋት ይመልስልናል፤ ከተመለስንም በኋላ ለሁለት ወር በኢሜይል ተከታተለን። ጋሼ ትዝ አሉኝ። ከዚያ ስልጠና አሥራ አንድ ዘገባ ታትሞ ወጥቷል። ስለዚህ፣ ስልጠና የሚመርጡ ልጆች ሲያማክሩኝ የምጠይቃቸው አንድ ነገር ነው፦ እዚያ የጻፍሽውን የሚያርምልሽ ሰው አለ?

ስልጠና የሚሰጡት ብዙ ናቸው። በዩኒቨርሲቲ ደረጃ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን ያስተምራል፤ ቀድሞ ባለሙያ ያወጣ የነበረው የመገናኛ ብዙኃን ማሠልጠኛ ኢንስቲትዩትም ከዩኒቨርሲቲው ጋር ተዋሕዷል። ለአጫጭር ስልጠና የጀርመኑ ዶይቸ ቬለ አካዳሚ፣ የእንግሊዙ ቢቢሲ ሚዲያ አክሽን፣ የስዊድኑ ፎዮ እዚህ ሠርተዋል። የኢትዮጵያ የሚዲያ ሴቶች ማኅበር ለሴት ጋዜጠኞች መሰባሰቢያ ነው። ወደ ውጭ የሚያይ ደግሞ፣ ኦክስፎርድ ያለውን የሮይተርስ ኢንስቲትዩት ፌሎሺፕና ኒውዮርክ የተባበሩት መንግሥታትን ጉባኤ የሚያስዘግበውን የዳግ ሐመርሾልድ ዕድል ይከታተል። ሁለቱም የሚፈልጉት የሠራችሁትን ሥራ ነው፤ የታተመ ነገር ሳይኖር ማመልከት ጊዜ ማባከን ነው።

ከእነዚህ ብዙዎቹ የቆሙት በውጭ ገንዘብ መሆኑ ያስጨንቀኛል። የአሜሪካ መንግሥት በ2017 ጥር የውጭ እርዳታውን ሲያቋርጥ፣ በዚያ ገንዘብ የታቀዱ ስልጠናዎች በአንድ ሳምንት ውስጥ ተሰረዙ፤ የተመዘገቡ ልጆች ደውለው ሲጠይቁኝ የምመልሰው አልነበረኝም። መጋቢት ላይ የአሜሪካ ድምፅ ሠራተኞች ከሥራ ሲታገዱ ደግሞ አንድ ትልቅ ቀጣሪ ቆመ። አንድ ዝግጅት ክፍል ሁለት ልምድ ያላቸውን አዘጋጆች ከዕለት ሥራ ነፃ አድርጎ ጀማሪዎችን እንዲያርሙ ቢመድብ ከየትኛውም የሆቴል ስልጠና ይበልጣል ብዬ አምናለሁ፤ ወጪውም የሁለት ሰው ደመወዝ ነው። ለሦስት መሥሪያ ቤቶች ይህን በጽሑፍ አቅርቤአለሁ። አንዱ ጀምሯል።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ዘጠኝ ወጣቶች ይዤ ስድስት ኪሎ አንዲት ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። ባለፈው ግንቦት ከመካከላቸው አንዷ፣ ከወልቂጤ የመጣች ልጅ፣ ሁለት ሥራ በአንድ ሳምንት አገኘች። አንዱ ባንክ ውስጥ በሕዝብ ግንኙነት፣ ሁለተኛው አንድ ትንሽ ዝግጅት ክፍል ውስጥ፣ በግማሽ ደመወዝ። «ቲቸር፣ የቱን ልያዝ?» አለችኝ። ታናናሾቿን የምታስተምረው እሷ እንደሆነች ስለማውቅ፣ ባንኩን ብትይዝ እንደማልቀየማት ነገርኳት። ከዚያ የዘወትሩን ጠየቅኋት፤ ማን ያርምሻል? ባንኩ ጋ አለቃዋ ቃለ ጉባኤ እንደሚያርም፣ ዝግጅት ክፍሉ ጋ ደግሞ አንዲት የሃያ ዓመት ልምድ ያላት አዘጋጅ እንዳለች ነገረችኝ። ሦስት ቀን አስባ ለአንድ ዓመት ዝግጅት ክፍሉን ልሞክር አለች።

በሁለተኛው ሳምንት ማታ በቴሌግራም ፎቶ ላከችልኝ። የታተመ ረቂቋ ነው፤ ስለ ኮንዶሚኒየም ሊፍት መበላሸት የጻፈችው፣ ዳር እስከ ዳር በእጅ ጽሑፍ የተሞላ። «ቲቸር፣ አራተኛው አንቀጽ ጎን የተጻፈው አልነበብ አለኝ፤ ምንድን ነው የሚለው?» አጉልቼ አየሁት። «ማን አለ?» ይላል።