የተመሰጠረ ዲስክ ሲበላሽ፦ መረጃን ሳያጠፉ የመጠገን ቅደም ተከተል

በኮምፒውተር ላይ የተቀመጠ መረጃ በሌላ ሰው እጅ እንዳይወድቅ ዲስክን መመስጠር የተለመደ የጥበቃ ዘዴ ነው። በዊንዶውስ ቢትሎከር፣ በማክ ፋይልቮልት፣ በሊኑክስ ደግሞ ሉክስ የተባሉት ሥርዓቶች ለዚህ ተግባር ያገለግላሉ። በአንዳንድ አዳዲስ ላፕቶፖች ኮምፒውተሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲዘጋጅ ምስጠራው በራሱ ሊጀምር ስለሚችል፣ ባለንብረቱ ዲስኩ የተመሰጠረ መሆኑን የሚያውቀው ችግር በገጠመው ዕለት ሊሆን ይችላል።

መብራት በድንገት ሲቋረጥ፣ ፋይል በመገልበጥ ላይ ያለ ውጫዊ ዲስክ ሲነቀል ወይም ዲስኩ ራሱ ሲያረጅ የፋይል ሥርዓቱ ሊበላሽ ይችላል። እንዲህ ያለው ጉዳት በአብዛኛው የሚጠገን ነው። ሆኖም በችኮላ የሚወሰድ አንድ እርምጃ ሊተርፍ ይችል የነበረን መረጃ ለዘለቄታው ሊያጠፋ ይችላል። በመሆኑም የጥገናውን ቅደም ተከተል አስቀድሞ ማወቅ ጠቃሚ ነው።

ምስጠራውና የፋይል ሥርዓቱ ምንና ምን ናቸው?

ጉዳዩን በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት መመሰል ይቻላል። ምስጠራው የመዝገብ ቤቱ በርና ቁልፍ ነው። የፋይል ሥርዓቱ ደግሞ የትኛው ፋይል በየትኛው መደርደሪያ እንዳለ የሚያሳየው ማውጫ ነው። ማውጫው ቢበላሽ መዝገብ ቤቱ ሳይከፈት ማስተካከል አይቻልም። የተመሰጠረ ዲስክም እንዲሁ በመጀመሪያ በቁልፉ ይከፈታል፤ የፋይል ሥርዓቱ የሚጠገነው ከዚያ በኋላ ነው።

ምስጠራው የሚከናወነው ሴክተር በሚባሉ ትናንሽ የዲስክ ክፍሎች ደረጃ ነው። የአንድ ሴክተር መጠን አብዛኛውን ጊዜ 512 ወይም 4096 ባይት ነው። ስለዚህ ጥቂት ሴክተሮች ቢበላሹ የቀረው መረጃ አብሮ አይጠፋም። ከዚህ የተለየው የዲስኩን መክፈቻ ቁልፍ በምስጢር የያዘው አነስተኛ ክፍል ነው። ይህ ክፍል ከነቅጂዎቹ ከጠፋ ትክክለኛ የይለፍ ቃል ቢኖርም ዲስኩን መክፈት አይቻልም።

ችግሩን መለየት

ከጥገና በፊት የችግሩን ዓይነት መለየት ያስፈልጋል። በአብዛኛው የሚያጋጥሙት አራት ናቸው።

1. ዲስኩ በቁልፉ ይከፈታል፤ ነገር ግን ፋይሎች አይታዩም ወይም የስህተት መልእክት ይመጣል። ይህ የፋይል ሥርዓት ብልሽት ምልክት ነው።

2. ቁልፉ ትክክል መሆኑ ቢረጋገጥም ዲስኩ አይከፈትም። የምስጠራው መረጃ ራሱ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል።

3. ዲስኩ ያልተለመደ ድምፅ ያሰማል፣ እጅግ ይዘገያል ወይም ከኮምፒውተሩ ላይ እየጠፋ ይመለሳል። ይህ የዕቃው የራሱ ብልሽት ሊሆን ስለሚችል አጠቃቀሙን ወዲያውኑ ማቆም ይገባል።

4. ኮምፒውተሩ ሲነሣ የመልሶ ማግኛ ቁልፍ ይጠይቃል። ይህ ብቻውን የብልሽት ማረጋገጫ አይደለም። ማዘርቦርድ ከተቀየረ ወይም ባዮስ ከታደሰ በኋላ ቢትሎከር ለጥንቃቄ ሲል ቁልፉን ሊጠይቅ ይችላል። ትክክለኛው ቁልፍ ሲገባ ኮምፒውተሩ እንደ ቀድሞው ሊሠራ ይችላል።

መደረግ የሌለባቸው ተግባራት

ዊንዶውስ ሊያነበው ያልቻለውን ዲስክ ፎርማት ለማድረግ ፈቃድ ሊጠይቅ ይችላል። በሊኑክስ የተመሰጠረ ጤናማ ዲስክ ዊንዶውስ ባለው ኮምፒውተር ላይ ሲሰካም ይኸው ጥያቄ ሊመጣ ይችላል። ጥያቄውን መቀበል አይገባም። ፎርማት ማድረግ የምስጠራውን ቁልፍ የያዘውን ክፍል ሊያጠፋ ስለሚችል፣ ከዚያ በኋላ የመልሶ ማግኛ ቁልፉ መኖር ብቻውን አይጠቅምም።

በተመሳሳይ ምክንያት በተበላሸው ዲስክ ላይ ዊንዶውስን እንደገና መጫን፣ አዲስ ፋይል መገልበጥና የዲስኩን ክፍፍል መለወጥ አይመከርም። ሳይከፈት በተቆለፈው ዲስክ ላይ የፋይል ሥርዓት መጠገኛን በግድ ማስኬድም ተጨማሪ ጉዳት ሊያስከትል ይችላል።

አንደኛ፦ ቁልፉን ማግኘት

የቢትሎከር የመልሶ ማግኛ ቁልፍ 48 አኃዞች ያሉት ሲሆን፣ እያንዳንዳቸው 6 አኃዝ በያዙ 8 ምድቦች ተከፍሎ ይጻፋል። ቁልፉ በባለንብረቱ የማይክሮሶፍት አካውንት፣ በወረቀት ታትሞ፣ በፍላሽ ላይ ወይም ኮምፒውተሩ የመሥሪያ ቤት ከሆነ በአይሲቲ የሥራ ክፍሉ ዘንድ ሊገኝ ይችላል። በስክሪኑ ላይ የሚታየው የቁልፍ መለያ ከተገኘው ቁልፍ መለያ ጋር መመሳሰሉን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። አንድ ሰው ከአንድ በላይ ኮምፒውተር ካለው ቁልፎቹ ሊምታቱ ይችላሉና።

የጠፋን ቁልፍ አምራቹ ድርጅትም ሆነ የጥገና ባለሙያ እንደገና ሊያወጣው አይችልም። ያለ ቁልፍ «እንከፍታለን» ለሚሉ ሰዎች ገንዘብ ከመክፈል በፊት ይህንን ማስተዋል ይገባል።

ሁለተኛ፦ ቅጂ መውሰድ

ዲስኩ በቁልፉ ከተከፈተና ፋይሎቹ በከፊልም ቢሆን ከታዩ፣ ከማንኛውም ጥገና በፊት እጅግ አስፈላጊዎቹን ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ ይገባል። ፋይሎቹ ካልታዩ ወይም ዲስኩ የማርጀት ምልክት ካሳየ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሴክተር ድረስ ሙሉ ቅጂ በባለሙያ ማስወሰድ ይመረጣል። ቅጂውን የሚቀበለው ዲስክ መጠኑ ከዋናው እኩል ወይም የበለጠ መሆን አለበት። እንዲህ ያለው ቅጂ እንደ ዋናው ዲስክ የተመሰጠረ ስለሚሆን በዚያው ቁልፍ ይከፈታል፤ ጥገናውንም በቅጂው ላይ መሞከር ይቻላል።

ሦስተኛ፦ የፋይል ሥርዓቱን መጠገን

በዊንዶውስ የተከፈተውን ዲስክ ምልክት በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ተጭኖ «ፕሮፐርቲስ»፣ ቀጥሎም «ቱልስ» ሥር «ቼክ» የሚለውን በመምረጥ ምርመራውን ማስጀመር ይቻላል። «ቼክዲስክ» የተባለው ትእዛዝም ለዚሁ ያገለግላል። ትእዛዙ ያለ ተጨማሪ ምርጫ ሲሰጥ ችግሩን ያሳያል እንጂ አይጠግንም። «ኤፍ» የሚለው ምርጫ ሲታከልበት ስህተቶቹን ያርማል፤ «አር» የሚለው ደግሞ የተበላሹ ሴክተሮችን ጭምር ስለሚፈልግ ብዙ ሰዓት ሊወስድ ይችላል። ይህ የኋለኛው ምርጫ ዲስኩን ስለሚያደክመው፣ ዕቃው ራሱ መበላሸቱ ከተጠረጠረ ቅጂ ሳይወሰድ መጠቀም አይገባም።

በሊኑክስ ኮምፒውተሩን ከፍላሽ በማስነሣት ዲስኩ በይለፍ ቃሉ ይከፈታል፤ ነገር ግን ፋይሎቹ ለአገልግሎት ሳይቀርቡ ምርመራው በተከፈተው ክፍል ላይ ይካሄዳል። መጀመሪያ ምንም ሳይለወጥ መመርመር፣ ውጤቱ ከታየ በኋላ መጠገን ተገቢ ነው። በማክ ደግሞ «ዲስክ ዩቲሊቲ» ውስጥ የሚገኘው «ፈርስት ኤይድ» ተመሳሳይ አገልግሎት ይሰጣል።

ከጥገና በኋላ አንዳንድ ፋይሎች ስማቸውን አጥተው በተለየ ማኅደር ሊገኙ ይችላሉ። ስለዚህ «ጠፍቷል» ብሎ ከመደምደም በፊት እነዚህን ማኅደሮች መፈተሽ ይገባል።

ምስጠራው ራሱ ሲጎዳ

ቢትሎከር ዲስኩን ለመክፈት የሚያስፈልገውን መረጃ በዲስኩ ላይ በሦስት ቦታዎች ያስቀምጣል። አንዱ ቢበላሽ ሌላው ሊያገለግል የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። «ሪፔር ቢዲኢ» የተባለው የዊንዶውስ መሣሪያ የመልሶ ማግኛ ቁልፉን ተጠቅሞ ከተጎዳው ዲስክ የሚነበበውን መረጃ ወደ ሌላ ዲስክ ያወጣል። መረጃውን በሚቀበለው ዲስክ ላይ ቀድሞ የነበረው ሁሉ ስለሚጠፋ ባዶ ዲስክ ማዘጋጀት ያስፈልጋል።

በሉክስ የቁልፉ መረጃ የሚገኘው በተመሰጠረው ክፍል መጀመሪያ ላይ ነው። አዲሱ የሉክስ 2 ዓይነት ለዚህ በተለምዶ 16 ሜጋባይት ይይዛል። የዚህ ክፍል ቅጂ አስቀድሞ ከተወሰደ ብልሽት ሲደርስ መመለስ ይቻላል። ቅጂው ከይለፍ ቃሉ ጋር ዲስኩን ለመክፈት ስለሚያስችል እንደ ቁልፍ በጥንቃቄ መያዝ አለበት።

ዲስክን ለጥገና ማስረከብ

የመልሶ ማግኛ ቁልፍን ለጥገና ባለሙያ መስጠት በዲስኩ ላይ ያለውን መረጃ ሁሉ እንደ ማስረከብ ነው። በተቻለ መጠን ባለንብረቱ በቦታው ተገኝቶ ቁልፉን ራሱ ቢያስገባ ይመረጣል። ቁልፉን መስጠት ግድ ከሆነ ግን ከጥገናው በኋላ አሮጌውን ሰርዞ አዲስ ቁልፍ ማውጣት ይገባል። የደንበኞችን፣ የታካሚዎችን ወይም የሠራተኞችን የግል መረጃ የያዘ ድርጅት፣ በግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መሠረት መረጃውን የመጠበቅ ኃላፊነት እንዳለበት ማስታወስ ያሻል።

አስቀድሞ መጠንቀቅ

ጤናማ ዲስክ ያላቸው ተጠቃሚዎች የሚከተሉትን ቢያደርጉ ከጉዳት ይጠበቃሉ፦

• ዲስኩ የተመሰጠረ መሆን አለመሆኑን ማረጋገጥ፤
• የመልሶ ማግኛ ቁልፉን ማተምና ከኮምፒውተሩ በተለየ ቦታ ማስቀመጥ፤
• አስፈላጊ ሰነዶችን በየጊዜው በሌላ ዲስክ ላይ መገልበጥና ቅጂው እንደሚከፈት መሞከር፤
• ውጫዊ ዲስክን ከመንቀል በፊት በሥርዓቱ ማስወጣት፤
• መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ የጠረጴዛ ኮምፒውተርን ከዩፒኤስ ጋር ማገናኘት።

የተበላሸ የፋይል ሥርዓት ሊጠገን፣ ያረጀ ዲስክም በሌላ ሊተካ ይችላል። ቁልፉ ከጠፋና ሌላ ቅጂ ከሌለ ግን በዲስኩ ላይ ያለው መረጃ ለባለንብረቱም እንደተዘጋ ይቀራል።