ሲልቨር ጎስት፦ ሮልስ ሮይስን ያስከበረው መኪና

የቅንጦት መኪና ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የቆዳ ወንበሩንና የሚያብረቀርቀውን ቦዲ ነው። ሮልስ ሮይስ ግን በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ይሸጥ የነበረው ሻንሲና ሞተር ብቻ ነበር። ገዢው ሻንሲውን እንደ ባርከር ላለ ቦዲ ሠሪ ወስዶ በፍላጎቱና በኪሱ ልክ ያሠራ ነበር።

የሞተሩ ሠሪ ሄንሪ ሮይስ የወፍጮ ቤት ሰው ልጅ ነው፤ በልጅነቱ ጋዜጣ ሸጧል። በማንችስተር የኤሌክትሪክ ዕቃ እያመረተ ሳለ የገዛት የፈረንሳይ መኪና አላረካችውም፤ በ1904 (እ.ኤ.አ.) የራሱን ሠራ። በዚያው ዓመት ለንደን ውስጥ መኪና ይሸጥ ከነበረው የመኳንንት ልጅ ከቻርልስ ሮልስ ጋር ተገናኘና አንዱ ሊሠራ፣ ሌላው ሊሸጥ ተስማሙ።

በ1906 መጨረሻ ለንደን ኦሊምፒያ ላይ የቀረበው 40/50 የተባለው ሞዴል ስድስት ሲሊንደር፣ 7 ሊትር ሞተር ነበረው። በዘመኑ ስድስት ሲሊንደር ሞተር በንዝረት ይታማ ነበር፤ የሞተሩ ዋና ዘንግ ረጅም ስለሆነ ይጠማዘዛል፣ አንዳንዴም ይሰበራል። ሮይስ ዘንጉን አወፍሮ በሰባት ቦታ በኩሽኔታ ደገፈው፤ ዘይትም በግፊት እንዲደርሰው አደረገ። ለእኔ የዚህ መኪና ቅንጦት ያለው እዚህ ላይ ነው።

በ1907 የኩባንያው ሥራ አስኪያጅ ክሎድ ጆንሰን አንዷን መኪና የብር ቀለም አስቀብቶ፣ ጌጧን በብር አስለብጦ፣ ድምፅ ስለሌላት «የብር መንፈስ» ለማለት ሲልቨር ጎስት አላት። ጆንሰን ማስታወቂያ የገባው ሰው ነበር፤ ወሬ ብቻውን እንደማይሸጥ ግን ያውቃል። መኪናዋ በታዛቢዎች ፊት፣ አብዛኛውን በለንደንና በግላስጎው መካከል ተመላልሳ 15,000 ማይል (24,000 ኪሎ ሜትር ገደማ) ሄደች። ሲጨርሱ ፈታትተው መረመሯት፤ ያረጀውን ለመተካት የጠየቀው ወጪ ሁለት ፓውንድ አካባቢ ብቻ ነበር።

ሮልስ በ1910 በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ያው ሻንሲ ብረት ለብሶ ጦር ሜዳ ወጣ፤ እንግሊዛዊው መኮንን ቲ. ኢ. ሎውረንስም በአረቢያ በረሃ ተጠቅሞበታል። ምርቱ በ1926 እስኪቆም አሜሪካ ውስጥ ስፕሪንግፊልድ የተሠሩትን 1,701 ጨምሮ 7,874 መኪኖች ወጥተዋል። በ1925 የመጣው ተተኪው ፋንተምም 40/50 ይባል ስለነበር፣ ከእሱ ለመለየት የአንዷ መኪና ስም ለቀድሞዎቹ ሁሉ ተሰጠ።