ቅጠሉ ከየት ይጀምራል?

ስሙ የማይታወቅ ተክል በግቢ ሲገኝ የተለመደው አንድ ቅጠል ቀንጥሶ ያውቃል ለሚባል ሰው ማሳየት ነው። አበባ ካወጣ ቀለሙም ይነገራል። ግን «ቅጠሉ ረዘም ያለ፣ አበባው ቢጫ» የተባለ ሰው ምን ሊመልስ ይችላል? እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሮ በ2009 የተጠናቀቀው ባለ ስምንት ቅጽ «የኢትዮጵያና የኤርትራ ፍሎራ» የተሰኘው የዕፅዋት መዝገብ 6,000 ገደማ ዝርያዎችን መዝግቧል። ከባሕር ማዶ መጥተው አጥርና ደጅ የሚያስውቡት ብዙ ተክሎች ሲታከሉበት፣ ያ መግለጫ የሚስማማቸው ብዙ ናቸው። ተክልን የሚያስታውቀው ከመልኩ ይልቅ አሠራሩ ነው፤ አሠራሩን ለማየት ደግሞ አበባ እስኪፈነዳ መጠበቅ አያስፈልግም። ለመነሻ ቅጠሉ ከግንዱ የተያያዘበትን ቦታ ማየት ይበቃል። ያ ቦታ ከአበባው በላይ ሊመረመር የሚገባው ሆኖ ሳለ ዞር ብሎ የሚያየው የለም።

ቅጠል ከቅርንጫፍ የሚወጣበት ቦታ አንጓ ነው። እዚያው፣ በቅጠሉ ዘንግና በቅርንጫፉ መካከል ባለው ብብት ውስጥ፣ ብዙ ጊዜ ከጤፍ ቅንጣት እምብዛም የማትበልጥ እንቡጥ ተደብቃ ትገኛለች። ውላ አድራ ቅርንጫፍ ወይም አበባ የምትሆነው እሷ ናት። እንቡጧ የምትቀመጠው በሙሉ ቅጠል ብብት ብቻ ነው፤ በቅጠል ክፋይ ሥር አትገኝም። ጽጌረዳ ላይ ይሞከር። አምስት ወይም ሰባት ቅጠል ተብለው የሚቆጠሩት በአንድ ዘንግ የተሰደሩ የአንድ ቅጠል ክፋዮች ናቸው። ከክፋዮቹ ሥር ቢፈለግ እንቡጥ የለም፤ ዘንጉ ግንዱን በሚነካበት ግን አለች። ጽጌረዳ መከርከም የሚያውቅ አትክልተኛ መቀሱን ከእሷ ትንሽ ከፍ አድርጎ የሚያሳርፈውም ለዚህ ነው። ጃካራንዳ ላይ ነገሩ ይበልጥ ይጎላል፤ ከዛፉ ሥር የሚረግፉት በመቶ የሚቆጠሩ ጥቃቅን ቅጠሎች የአንድ ቅጠል ክፋዮች ሊሆኑ ይችላሉ። ሙሉ ቅጠሉ የት እንደሚጀምር ከታወቀ በኋላ አቀማመጡን ማየት ይቻላል። ጃካራንዳ ቅጠሎቹን ፊት ለፊት ሁለት ሁለት አድርጎ ያወጣል፤ ከሩቅ የእሱን የመሰለ የተሰነጣጠቀ ቅጠል ያለው ግራቪሊያ ግን አንድ በአንድ፣ ተራ በተራ ያወጣል። አበባ በሌለበት ወር ሁለቱን ለመለየት ይህ ቀላል መንገድ ነው።

አንድን ክፋይ ሙሉ ቅጠል ነው ብሎ መያዝ ጉዳት ሊያደርስ እንደሚችል ኒምና ሜሊያ የተባሉት ዛፎች ያሳያሉ። ሁለቱ አንድ ቤተሰብ ናቸው፤ ክፋዮቻቸው ጠርዛቸው እንደ መጋዝ ጥርስ ያለው፣ ጫፋቸው የሾለ ነው። ድሬዳዋን በመሰለ ቆላ ጥላ የሚሰጠው ኒም ክፋዮቹን በአንድ ዘንግ ግራና ቀኝ ደርድሮ ይጨርሳል። የሜሊያ ዋና ዘንግ ግን ንዑሳን ዘንጎች ያወጣል፤ ክፋዮቹ በእነዚያ ላይ ይሰደራሉ። እንግዲህ ከሜሊያ አንድ ንዑስ ዘንግ ገንጥሎ የሚያሳይ ሰው የኒም ቅጠል የሚመስል ነገር በእጁ ይዟል። የሚያየውም ሰው ባይሳሳት ይገርማል። ንዑሱ ዘንግ ከዋናው የሚገናኝበት ቦታ ቢታይ ግን እንቡጥ ስለሌለ፣ የያዘው የትልቅ ቅጠል ቁራጭ መሆኑ ወዲያው ይገለጣል። የሜሊያ ፍሬ ለሰውም ለከብትም መርዝ ነው። ኒም ነው ተብሎ ከማይታወቅ ዛፍ ቅጠል የሚያፈላ፣ ፍሬውንም ልጆች እንዲጫወቱበት የሚተው ሰው አለ፤ ይህ በቸልታ የሚታለፍ ስሕተት አይደለም። ኒምም ቢሆን እንዳሻ የሚጠጣ አይደለም።

ታላላቆቻችን ይህን ሁሉ ሳይመረምሩ ዳማከሴን በማሽተት ያውቁ የለም ወይ የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ሽታ ትልቅ ማስረጃ ነው፤ ታሽቶ ያልተሸተተ ቅጠል በግማሹ ብቻ እንደታየ ይቆጠራል። ነገር ግን አፍንጫ የሚለየው ከዚህ ቀደም የሚያውቀውን ነው። እንግዳ ተክል ሲመጣ የት እንደሚመደብ የሚጠቁመው አሠራሩ ነው። የበሶብላን ወይም የዳማከሴን ለጋ ግንድ በሁለት ጣት መካከል ቢያንከባልሉት አራት ማዕዘን መሆኑ ይታወቃል፤ ቅጠሎቹ ጥንድ ጥንድ ናቸው፣ እያንዳንዱ ጥንድም ከሥሩ ያለውን በመስቀል ያቋርጠዋል። ይህን የያዘና ሲታሽ የሚያውድ ተክል የእነሱ ዘመድ ሊሆን ይችላል ብሎ መነሣት ይቻላል። የወፍ ቆሎም ግንዱ አራት ማዕዘን፣ ቅጠሉ ጥንድ፣ ሽታውም ኃይለኛ ነው፤ ቤተሰቡ ግን ሌላ ስለሆነ ድምዳሜ ላይ ለመድረስ አበባውንና ፍሬውን መጨመር ግድ ይላል። ጤና አዳም ደግሞ ቅጠሉ ወደ ብርሃን ቢያዝ ብርሃን የሚያሳልፉ ነጠብጣቦች ይታዩበታል። የዘይት ከረጢቶች ናቸው፤ የሎሚና የብርቱካን ቤተሰብ መሆኑንም ይመሰክራሉ።

ቀለም እንደሚያታልል ለማሳየት ቦጋንቪሊያ ብቻዋን ትበቃለች። ሐምራዊው ወይም ቀዩ አበባዋ የሚባለው ቅጠል ነው፤ እውነተኞቹ አበቦች መሐል ላይ ያሉት ቀጫጭን ነጫጭ ቱቦዎች ናቸው። ከሜክሲኮ የመጣው ፖይንሴቲያም እሳት የሚመስለው ቅጠሉ ነው። ግንዱ ሲሰበር ነጭ ወተት ያፈሳል፤ እንደ እሱ ወተት የሚያፈሰውና በገጠር አጥር የሚሆነው ቁልቋል የቅርብ ዘመዱ ነው። ቁልቋልን በመልክ የሚመስለው በለስ ግን ከሌላ ቤተሰብ ነው፤ ቢቆረጥም ወተት አይወጣውም። የቁልቋል ወተት ዓይን ስለሚጎዳ ሙከራው በጥንቃቄ ይደረግ።

ዛሬ ስልኩ ይነግረናል የሚለው መከራከሪያ ይቀራል። ስልክ ለመነሻ ይጠቅማል፤ የቀረበለትን ፎቶ ግን ተሻግሮ አያይም። አንድ የሜሊያ ንዑስ ዘንግ ፎቶ አንሥቶ ለሚጠይቅ ሰው ኒም ነው ቢለው ጥፋቱ የፎቶው ነው። አንጓው፣ የቅጠሉ ጀርባ፣ የአበባው ውስጥና ፍሬው ለየብቻ ይነሡ። እርግጠኛ መልስ የሚፈልግ ሰው ደግሞ ቢያንስ ሦስት አንጓ ያለው ቅርንጫፍ ከነአበባው ወይም ከነፍሬው ቆርጦ፣ በጋዜጣ መካከል ዘርግቶ፣ ከባድ ነገር ጭኖበት ያድርቀው። ሲደርቅ ቀለሙና ሽታው ስለሚጠፉ እነሱን፣ የተክሉን ቁመት፣ የሚወጣውን ፈሳሽና የተገኘበትን ቦታ በወረቀት ጽፎ አብሮ ያኑር። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሚገኘው ብሔራዊ ኸርባሪየም (የደረቁ ተክሎች ማከማቻ) ያሉት ናሙናዎችም የተዘጋጁት በዚሁ መንገድ ነው። ስሙ እስኪረጋገጥ ድረስ ግን አይቅመሱት፣ አያፍሉት፣ ለከብትም አይስጡት።