ሙዚቃም ሕክምና ይሆናል!
ወጣቶች፣ አሶሳ ውስጥ ዙምባራ ሲነፋ ሰምታችኋል? እያንዳንዱ ነፊ የሚያወጣው አንድ ድምፅ ነው፤ ዜማው የሚሞላው ሁሉም ተራውን ጠብቆ ሲነፋ ነው።

የሙዚቃ ቴራፒስትም ሐዘን ወይም መገለል ዝም ያሰኘውን ሰው በከበሮና በዜማ ከሌሎች ጋር ያገናኘዋል። የኤች አይ ቪ መድኃኒትን ግን አይተካም።

ታዲያ ሙያው እንዴት ይገኛል? መዝፈን ብቻውን አይበቃም። በእንግሊዝ አገር በዚህ ሙያ ለመሥራት የማስተርስ ትምህርት ግዴታ ነው። በአህጉራችንም የደቡብ አፍሪካው ፕሪቶሪያ ዩኒቨርሲቲ በዚሁ ደረጃ ያስተምራል። ተማሪው በባለሙያ ክትትል ሰዎችን እየረዳ ይለማመዳል። ስለዚህ መጀመሪያ ዲግሪ ያስፈልጋል፤ ለሙዚቃው አዲስ አበባ ያሬድ ትምህርት ቤት አለ።

ዝምታ የዋጠው ጓደኛ ካላችሁ ግን ዲግሪ አትጠብቁ፤ ዛሬውኑ ከጨዋታችሁ አትለዩት!