ለዒድ ከልጆች ጋር የሚሠራ ባለመዓዛ የሊጥ ጌጥ

ዒድ ሲቃረብ ቤት በማስዋቡ ልጆቻችንን የምናሳትፍበት ቀላል ሥራ አለ።

ሁለት ኩባያ የስንዴ ዱቄት፣ አንድ ኩባያ ጨው፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ቀረፋና ጥቂት ቅርንፉድ እንደባልቅ። አንድ ኩባያ ያህል ውሃ ጥቂት በጥቂት እየጨመርን፣ እጅ ላይ የማይጣበቅ ሊጥ እስኪሆን እናቡካ። በመዳመጫ ካሳሳነው በኋላ ልጆቹ ጨረቃ፣ ኮከብና ቅጠል ይቅረጹበት፤ የክር ማስገቢያም እንብሳለት። ነፋሻ ቦታ ላይ እያገላበጥን ለቀናት እናድርቀው። ጨው መሻገትን ይከላከላል፤ ቀረፋና ቅርንፉዱ ቤቱን ያውዳሉ።

አንድ አደራ ግን አለን፦ ሊጡ ዳቦ ቢመስልም አይበላም። ይህን ያህል ጨው ሕፃንን በጽኑ ሊጎዳ ስለሚችል ከአጠገባቸው አንራቅ። ዱቄትም የአላህ ሲሳይ ነውና ለምግብ የማይሆን የቆየ ካለ እርሱን እናስቀድም፤ ልጆች ከኢስራፍ መራቅን የሚማሩት ከእኛ ነው።