ሰንበትን በመንጠቆ

ሰንበት በመጣ ቁጥር «ዛሬ የት እንዋል?» የሚለው ጥያቄ በቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ለምንኖር ወጣቶች ቀላል አይደለም። መሐል ከተማ እንዳንወርድ የታክሲው ሰልፍ ያስፈራል፤ ሠፈር እንዳንውል ደግሞ ከአንዱ ቡና ቤት ወደ ሌላው ከመዞር በቀር ሌላ ሥራ የለም። ስለዚህ ክረምቱ እንደ ወጣ እኛ አራት ጓደኛሞች ተማክረን ዓሣ አጥማጆች ለመሆን ቈረጥን።

ነገሩን የጀመረው አንደኛው ጓደኛችን ሲሆን፣ እርሱም ባስ ስለሚባለው የአሜሪካ ዓሣ ፊልም አይቶ ነበር። ባስ አዳኝ ነው፤ የሚያብረቀርቅ የፕላስቲክ ዓሣ በውሃው ውስጥ ሲጐተትለት ነፍስ ያለው መስሎት ተወርውሮ ይይዘዋል። ይኸው ዓሣ ለስፖርት ሲባል በ1929 እ.ኤ.አ. ጐረቤታችን ኬንያ ውስጥ ናይቫሻ ሐይቅ ድረስ መጥቷል። እኛም ይህን በሰማን ጊዜ፣ ደመወዛችን ገና ትኩስ ሳለ፣ ዘንግና መጠቅለያ፣ አንድ ሳጥን ሙሉም የፕላስቲክ ዓሣ ገዛን። ሆራ ሐይቅ ውስጥ ባስ ይኑር አይኑር ግን ከአራታችን አንዱም አልጠየቀም።

በማለዳ ቱሉ ዲምቱ ደርሰን በሚኒባስ ቢሾፍቱ ገባን። ከጧቱ አንድ ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት ብንወረውርና ብንጐትት የያዝነው ነገር ቢኖር አንድ የሣር ጉንጉን ብቻ ነበር። በአጠገባችን ደግሞ ዐሥራ ሁለት ዓመት የሚሆነው አንድ ልጅ በቀርከሃ ዘንግ፣ በናይሎን ክርና በቡሽ ቍራጭ ሦስት ዓሣ አውጥቷል። ብዙ ከታዘበን በኋላ፣ «ጋሼ፣ ያ ፕላስቲክ ለማን ነው? ቆሮሶ እኮ የሚወደው ሊጥ ነው» አለን።

እውነቱን ነው። በአብዛኞቹ ሐይቆቻችን የሚገኘው ቆሮሶ፣ ማለት ቴላፒያ፣ ዋና ምግቡ በዓይን የማይለዩ ጥቃቅን የውሃ ዕፀዋት ናቸው፤ የሚያብረቀርቅ ነገር አያሳድድም። ስለዚህ ጀማሪው ትንሽ መንጠቆ ይግዛ፤ ሲገዛም ቍጥሩ በጨመረ መጠን መንጠቆው እንደሚያንስ አይርሳ። ጠንከር ያለ ሊጥ አቡክቶ ሽምብራ በሚያህል መጠን ይሰካበት፤ ከመንጠቆው በላይ ጥቂት እርሳስ፣ ከፍ ብሎ ቡሽ ይሰር። ከዚያ ወዲያ ዝም ብሎ መቀመጥ ነው፤ ጥላው ግን ውሃው ላይ እንዳይወድቅ። ቡሹ ሲነቀነቅ አይቸኩል፤ ሰመጥ ሲል በእጅ አንጓ ብቻ ቀና ያድርገው። እኛ ግን ስንቱን ቸኩለን አስመለጥን!

አምባዛ ለመያዝ የፈለገ እስኪመሽ ይታገሥ፤ ጉበት ወይም የመሬት ትል ይዞ መንጠቆውን እስከ ወለሉ ያውርድ። ሲይዘው ግን በጐንና ጐኑ ካለው እሾህ ይጠንቀቅ። ቢልጫ የሚሻ በ1952 ዓ.ም. ወደ ተመረቀው የቆቃ ግድብ ሐይቅ ይሂድ። የፕላስቲክ ሳጥናችንም ፈጽሞ ከንቱ አልሆነም፤ በጣና ሐይቅ ከቢልጫ ወገን ሌላውን ዓሣ እያሳደዱ የሚበሉ አሉ፤ በጫሞም ታላቁ የናይል ፐርች አለ። ለእነርሱ ጊዜና የትራንስፖርት ገንዘብ እስክናገኝ ሳጥኑ አልጋ ሥር ተቀምጧል።

ዋና ለማይችል አንድ ቃል። የቢሾፍቱ ሐይቆች በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ የተፈጠሩ ጉድጓዶች ስለሆኑ ከዳር ጥቂት እንደ ራቁ ወዲያው ይጠልቃሉ፤ ቢሾፍቱ ሐይቅ ራሱ ሰማንያ ሜትር ያልፋል። ስለ ዓሣ ሀብት የወጣውም አዋጅ ቍጥር 315/1995 ስላለ፣ መንጠቆ ከመጣል በፊት የአካባቢውን የግብርና ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይገባል። ሆራ የኢሬቻ በዓል የሚከበርበት ስፍራ ነውና የተበጠሰ ናይሎን ዳር ላይ ጥሎ መሄድ ነውር ነው።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ በልጁ መንጠቆና በልጁ ሊጥ፣ አንድ ዓሣ ያዝን። መዳፍ አታክልም። ልጁ አየት አድርጎ «ትንሽ ናት፣ ትመለስ» አለ። እዚያ ላይ ክርክር ተነሣ። ሴቷ ቆሮሶ እንቍላሏን በአፏ ይዛ የምትፈለፍል፣ ጫጩቶቿንም አደጋ ሲመጣ መልሳ በአፏ የምትሸሽግ እናት እንደ ሆነች በትምህርት ቤት ተምረናል፤ ይህች ግን አንድ ጊዜ እንኳ ሳትወልድ የተያዘች ናት። በሌላ በኩል የታችኛው ፎቅ ጐረቤታችን ለሆኑ አንዲት እናት «ዛሬ ዓሣ እናመጣለን» ብለን ፎክረን ወጥተናል። «አንዷ ብትቀር ሐይቁ አይጐድልም» አለ አንደኛው ጓደኛችን። ያፈርነው ወዲያው ነው፤ ዓሣ ሸጦ ደብተር የሚገዛው ልጅ ትመለስ ሲል፣ ደመወዝ ያለን እኛ ስለ አንዲት መዳፍ እንሟገታለን። እጃችንን በውሃ አርሰን፣ መንጠቆውን ቀስ ብለን ነቅለን ለቀቅናት።

ማታ ደረጃውን በኮቴያችን ጫፍ ስንወጣ እኒያ እናት በር ላይ ጠበቁን። «ልጆቼ፣ ዓሣውስ? እኔ እኮ ሽንኵርት ከትፌ ድስት ጥጃለሁ» አሉ። የሆነውን ሁሉ ነገርናቸው። ብዙ ሳቁ፤ በተከተፈውም ሽንኵርት ሽሮ ሠርተው ላኩልን።